ገና እየመጣ ነው

ሳይቱ ላይ በስሟ የሚጠራት የለም። ጭልፊት ነው የሚሏት፤ ከሃምሳ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና መሬት ላይ የወደቀው ጓንት የማን እንደሆነ ስለምትለይ። ክሬን መንዳት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አሸዋ ታመላልስ ነበር። በየጠዋቱ ምሳዋንና ውሃዋን በጀርባዋ አንግታ የብረቱን መሰላል ትወጣለች፣ ጠባቧ የመስታወት ክፍል ውስጥ ትገባለች፣ ሁለቱን እጀታዎች ትጨብጣለች። ከዚያ ወዲያ ከታች ካለው ዓለም ጋር የሚያገናኛት ራዲዮው ብቻ ነው።

ራዲዮው ለዓመታት የሚናገረው አማርኛ ነበር። ነገሩ የተቀየረው የዚህ ሆስፒታል ግንባታ ሲጀመርና ከውጭ የመጣ መሐንዲስ የጭነቱን ሥራ ሲረከብ ነው። ሠራተኛው ረጅሙ ይለዋል፤ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ ስለሚል። ረጅሙ አማርኛ አይችልም። የጭልፊት እንግሊዝኛ ደግሞ ስቶፕ፣ አፕ፣ ዳውንና ከዚህም ከዚያም የለቃቀመቻቸው ጥቂት ቃላት ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ የብረት ምሰሶዎችን ከግንቡ ወዲያ ታወርድ ነበር። ረጅሙ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ግንቡን ተከልሎ ቆሟል፤ ከቆመበት ጭነቱ አይታየውም። የት እንደደረሰ በራዲዮ ጠየቃት። እኛ ሰው ሲጠራን ገና ከወንበራችን ሳንነሳ «መጣሁ» እንል የለ? እሷም በዚያው ልማድ «መጣ፣ መጣ» ማለት ፈለገችና ያላትን አወጣች።

«ኢት ኬም፣ ኢት ኬም።»

እንግሊዝኛው ግን እንደኛ አይደለም። መጣ ከተባለ መጥቷል፣ አርፏል፣ አልቋል ማለት ነው። ረጅሙ ሰዎቹን አስከትሎ ጭነቱን ከመንጠቆው ሊያስፈታ ብቅ አለ። ጭልፊት ከላይ ስታይ የረጅሙ ነጭ ሄልሜት በአየር ላይ ወደተንጠለጠለው ብረት ሥር እየገባ ነው። «ስቶፕ» ብላ ጮኸች፤ ጭነቱንም ባለበት አቆመችው። ሦስቱም ወደ ኋላ ዘለሉ።

ማንም አልተነካም። ጭነቱን አሳርፋ ወረደች። ረጅሙ አልተቆጣም፤ ፎርማኑን አስተርጓሚ አድርጎ «መጣ ያልሽው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቃት።

«እየመጣ ስለነበር ነዋ» አለች።

ፎርማኑ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ረጅሙ ቁም ነገሩን ተናገረ፦ ከወር በኋላ ትልቁ የማቀዝቀዣ ማሽን ጣሪያው ላይ ይወጣል። ያን ቀን ክሬኑን የሚነዳው ሰው የሚሠራውን እየሠራ በእንግሊዝኛ መናገር አለበት። እሷ ካልቻለች ከሌላ ሳይት ሹፌር ይመጣል።

«የኔን ክሬን ሌላ ሰው አይነካውም» አለች። ፎርማኑ ይህን አልተረጎመም፤ ፊቷ ተናግሮታል።

እቤት አማቷ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት። አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። ሴትዮዋ ልጃቸው ቢሮ የምትሠራ ሴት እንዲያገባላቸው ነበር ምኞታቸው። ምራታቸው ይህን ታውቃለች፤ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ያን ዕለት ባልየው ነገሩን እራት ላይ ሲያነሳ ግን አማቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ኢት ኬም አልሽ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ጉድ ነው» አሉና ተነሥተው መነጽራቸውን አመጡ።

በማግስቱ ድንች እየላጡ ጀመሩ።

«አሁን ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድንች እየላጥኩ።»

«እየ ያልሻትን አጥብቀሽ ያዢያት። እኛ ከፊት እንለጥፋታለን፣ እነሱ ከኋላ። ኢንግ ይሏታል። ፒል መላጥ ነው፤ ፒሊንግስ?»

ጭልፊት ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እየላጡ ማለት? ይኸው ነው በቃ? ሎወር ማውረድ ከሆነ ሎወሪንግ እያወረዱ፣ ተርን ተርኒንግ፣ ሊፍት ሊፍቲንግ?» ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ፈነጠዘ። ለዓመታት ስትሰማቸው የኖረቻቸው ቃላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጅራት አበቀሉ።

«ቀስ በይ። ጅራት ብቻውን አይሄድም፣ እግር ያስፈልገዋል።»

«አይ ኢዝ ፒሊንግ» አለች በድፍረት።

አማቷ ከልባቸው ሳቁ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም። «የኛ ‹ነው› ሰነፍ ነው፤ እኔም ልላጥ፣ አንቺም ላጪ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይላጥ፣ ከ‹ነው› ንቅንቅ አይልም። የእነሱዋ ግን እንደ አማት ናት፤ ማን እንደመጣ አይታ ነው ፊቷን የምትቀያይረው። ለራስሽ አም፣ ለእሱና ለእሷ ኢዝ፣ ለብዙ አር።»

«አይ አም ፒሊንግ፣ እማዬ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ዕረፍት አጣ። ባልየው ሂ ኢዝ ኢቲንግ እየተባለበት እራቱን መብላት ሰለቸው። አንዳንዱ ነገር ግን ለጭልፊት አልዋጥ አላት። ተቀምጫለሁ ለማለት አይ አም ሲቲንግ ይባላል ሲሏት ተከራከረች። «እየተቀመጥኩ እኮ አይደለም፣ ተቀምጬ ጨርሻለሁ።»

«ለእነሱ እስክትነሺ ድረስ አላለቀም።»

አይ አም ኖዊንግ ስትልም አስቆሟት። «ማወቅ እየ አይወድም። ወይ ታውቂያለሽ ወይ አታውቂም። መውደድም እንደዚያው ነው» አሉና ድንቹን ወደ እሷ ገፉት።

በሦስተኛው ሳምንት ልምምዷን ይዛው መሰላሉን ወጣች። ጭነት በሌለ ሰዓት በመስታወቱ ቁልቁል እያየች ያየችውን ሁሉ ለራሷ ትናገራለች። አንድ ቀን የራዲዮዋ ቁልፍ እንደተጫነ መቅረቱን ልብ አላለችም።

«አይ አም ሲቲንግ። ዘ ትራክ ኢዝ ካሚንግ። ቱ ሜን አር ዎኪንግ። ዘ ስቶር ማን ኢዝ ስሊፒንግ።»

ጭልፊት መቀመጧን፣ መኪናው እየመጣ መሆኑን፣ ሁለት ሰዎች እየተራመዱ መሆናቸውንና የመጋዘኑ ኃላፊ መተኛቱን ሳይቱ በሙሉ በራዲዮ ሰማ። ከዚያ የረጅሙ ድምፅ መጣ፤ የት እንደተኛ ጠየቀ።

«ቢሃይንድ ሲሚንቶ» አለች፣ ከሲሚንቶው ጀርባ ለማለት፤ ምን እንዳደረገች የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። ረጅሙ ግን ከሰዓት በኋላ መሰላሉ ሥር ጠብቆ እጇን ጨበጣት። ከሌላ ሳይት ሊመጣ የነበረው ሹፌርም ቀረ።

ማሽኑ የሚወጣበት ቀን ጠዋት ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ አንጋጧል። ረጅሙ ጣሪያው ላይ ነው፤ ጭነቱ ከጠርዙ በላይ ብቅ እስኪል አያየውም። «አይ አም ሊፍቲንግ» አለች ጭልፊት፤ ማሽኑም ከመሬት ተላቀቀ። ሰባተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ ጎረቤት ሕንፃ ላይ የተወጠረው ላስቲክ መነፋት ጀመረ። የታየው ለእሷ ብቻ ነው።

«ዘ ዊንድ ኢዝ ካሚንግ። ዘ ሎድ ኢዝ ተርኒንግ። አይ አም ስቶፒንግ።»

ነፋሱ እየመጣ፣ ጭነቱ እየዞረ፣ እሷም እያቆመች። ረጅሙ አንዱንም አላስደገማትም። ጣሪያው ላይ ያሉትን ሰዎች ከጠርዙ አራቀ፤ ከታች ያሉት ደግሞ የጭነቱን መያዣ ገመድ ወጥረው ሳቡት። እሷ በየአሥር ሰከንዱ ተርኒንግ፣ ስቲል ተርኒንግ ትላለች፤ ገና እየዞረ ነው። ላስቲኩ ሲረግብ ቀጠለች። ማሽኑ አራት እግሩን አራቱ መቀመጫዎች ላይ ሲያሳርፍ ከታች ፉጨትና ጭብጨባ ተነሣ። ጭልፊት ጠባቧ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን እየሳቀች እጆቿን ጭኖቿ ላይ ጠረገች፤ በላብ ርሰዋል።

ሪፖርት መጻፍ ግን ቀራት። ቅጹ ነፋሱ ሲመጣ ምን እያደረገች እንደነበር ይጠይቃል። ስልክ ደወለች።

«አምን አውጪና ዎዝ አግቢበት» አሏት አማቷ። «ነውን ነበር እንደማድረግ ነው።»

አይ ዎዝ ሊፍቲንግ ብላ በትላልቅ ፊደል ጻፈች።

ረጅሙ ወረቀቱን አንብቦ ማን እንዳስተማራት ጠየቀ። አርብ ዕለት አማቷ በሻሻቸው ላይ ሄልሜት ደፍተው በሳይቱ በር ገቡ። ረጅሙ በራዲዮ የሚነጋገሩትን ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስተምሩለት ይችሉ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ስንት ዓመት እንዳስተማሩም።

«አይ ሃቭ ቢን ቲቺንግ» ብለው ጀመሩ።

ጭልፊት ይህችን አልተማረችም፤ ግን ኢንጓን ሰማች። አስተምሬ ነበር አላሉም። ትርጉሟን መንገድ ላይ ስትጠይቃቸው፣ «ከጀመርኩ ጀምሮ እስካሁን እያስተማርኩ ነው ማለት ነው» አሉ፤ የሄልሜቱን ማሰሪያ መፍታት ረስተውት እንደደፉት ነበሩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ሰው መጣ። ጭልፊት ቀድማ ገብታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አስተርጓሚውን ፎርማን እንኳ ደብተር ስላልያዘ አማቷ ከበር መለሱት።