ባልዲው ላይ የተጻፈ ቀን

ሸዋረገድ የዓሣ ኩስ የምታጠና ሴት ናት። እውነቴን ነው! ቤይሩት፣ ዶራ ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው። የሰው ቤት ሳጸዳ ውዬ፣ ድክም ብሎኝ ገብቼ ገና እግሬን ሳልዘረጋ ስልኳን ፊቴ ላይ ትደቅናለች። «እሙሽ፣ እስቲ እዪልኝ፣ ይሄ ነጭ ነው ቡናማ?» ትለኛለች። ፎቶው የዓሣ ኩስ ነው። «አንቺ ሴት፣ እራቴን ልብላበት!» ብዬ እጮህባታለሁ። እሷ ግን የምትጠይቀው ከልቧ ነው። ነጭ ሆኖ እንደ ክር ከተንጠለጠለ ዓሣው ሆዱን ታሟል ማለት ነው። ይሄን ዛሬ እኔም አውቃለሁ፤ ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሸዋረገድ ቤይሩት ስትመጣ መጀመሪያ የገባችበት ቤት ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ቆልፈውባታል። «መቼ ነው የምወጣው?» ስትል «ቡክራ» ይሏታል፤ ነገ ማለታቸው ነው። ያ ነገ አልመጣ ሲል አንድ ቀን ፓስፖርቷን ጉያዋ ሸሽጋ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ያለ ወረቀት ነው። ያለ ወረቀት መኖር ማለት ፖሊስ ባየሽ ቁጥር ልብሽ ክው ሲል መዋል ነው። እናቷ አገር ቤት ታመዋል፤ ሄጄ አይቻቸው ልመለስ ብትል መመለሻ የላትም።

አምና አሽራፊዬ የሚባል ሰፈር ማዳም አይዳ ቤት ተመላላሽ ሥራ አገኘች። ማዳም አይዳ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። አንድ ልጇ ፋዲ ካናዳ ሲሄድ የሳሎኑን ግድግዳ የሚያክል የመስታወት ገንዳ ትቶላት ሄዷል፤ ውስጡ ሰማያዊና ቢጫ ዓሦች አሉበት። ሲክሊድ ነው የሚባሉት፤ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው። «ሻዋ፣» አለቻት ማዳም አይዳ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ፋዲ በነሐሴ ይመጣል። ዓሦቹን ደህና ካገኛቸው ካፊል እንዲሆንሽ እለምነዋለሁ። ካለቁ ግን፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ በምን አፌ?» ካፊል ማለት በስሙ አገሩ ውስጥ የምትኖሪበት ሰው ነው። እሱ ከፈረመ ወረቀት አለ፤ ካልፈረመ የለም።

ሸዋረገድም ሁላችንም የምናደርገውን አደረገች። እኛ የቤት ሠራተኞች ንጽሕና የምናውቀው በክሎር ነው፤ ወለሉ በክሎር፣ ሽንት ቤቱ በክሎር። የገንዳውን ማጣሪያ ስፖንጅ አውጥታ በክሎር አሽታ አሽታ አዲስ አስመስላ መለሰችው። ውሃውንም ሙሉ በሙሉ ቀየረች። በሦስተኛው ቀን ሦስት ዓሦች ተገልብጠው ተንሳፈፉ። መጥታ አልጋዋ ላይ ተደፍታ እንዴት እንዳለቀሰች! «በንጽሕና ገደልኳቸው፣ እሙሽ» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ፈርቶ ሥራውን ይተው ነበር። እሷን ግን «ንጹሕ ነገር እንዴት ይገድላል?» የሚለው ጥያቄ እረፍት ነሳት። እሑድ ቫን ተሳፍራ ኻልዴ ወረደች። እዚያ መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጥ ኢስማኤል የሚባል ሰውዬ አለ። «በክሎር አጠብኩት» ስትለው ራሱን ይዞ ጮኸ አሉ። ለካ ስፖንጁ ላይ ያለው ቡናማ ነገር እድፍ ብቻ አይደለም። በዓይን የማይታይ ሕይወት አለበት፤ ከዓሦቹ የሚወጣውን መርዝ እየበላ ውሃውን የሚያኖረው እሱ ነው። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል እንጂ አይፈተግም። ውሃውም በሳምንት ሩቡ ብቻ፣ የቧንቧውን ክሎር የሚያጠፋ ጠብታ ተጨምሮበት ይቀየራል። «አዲስ ዓሣ ከመጣ ደግሞ» አላት፣ «ቀጥታ እንዳታስገቢ። አራት ሳምንት ለብቻው።» ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈችው።

ጥቂት ወራት ሰላም ሆነ። ሁዳዴ ሲገባ የትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ሆድ ተነፋ፤ ጥግ ይዞ መብላት አቆመ፤ ያ ነጭ ክርም መጣ። የፎቶው ነገር የተጀመረው ያኔ ነው። ሸዋረገድ ነገሩን እንዲሁ አትተወውም፤ መጥረጊያዋን ይዛ ገንዳው አጠገብ ቆማ ማን ምን እንደሚበላ ስትሰልል ከረመች። ለካስ ማዳም አይዳ በፍቅር ብዛት ጥሬ ሥጋ እየከተፈች ትሰጣቸዋለች! ኢስማኤልን በስልክ ብትጠይቀው፣ «እነዚህ እኮ ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ የሚግጡ ናቸው። ሥጋ ሆዳቸውን ያበላሸዋል» አላት።

አሁን ማዳምን «ተዪ» የሚላት ማነው? እኔ ብሆን አልደፍርም። እሷ አንድ ቀን ሙሉ አስባ፣ «ማዳም፣ አንቺም ኦርቶዶክስ፣ እኔም ኦርቶዶክስ፣ ሁለታችንም ጾመናል። እነሱ ለምን ይገድፋሉ?» አለቻት። ማዳም አይዳ ሳቋ አላስቆም ብሏት ወንበር ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓሦቹ ጾመኛ ሆኑ። ረቡዕና ዓርብ ምንም አይቀምሱም፤ በሌላው ቀን የተላጠ ቅቅል አተርና ስፒናች፣ ለነሱ ከተሠራው አረንጓዴ ምግብም ቆንጠር ተደርጎ ይሰጣቸዋል። እኛ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንጨቃጨቅ ዓሣው ራሱ ጾሞ አረፈው! የሰማያዊው ሆድ በአሥር ቀን ጎደለ።

ነሐሴ ላይ ፋዲ መጣ። ገንዳው ፊት ቆሞ አንድ በአንድ ቆጠረ። ሦስቱን የገደለችው እሷ መሆኗን ሸዋረገድ ራሷ ነገረችው። «ማሌሽ» ብሎ አለፈው፤ ምንም አይደለም እንደማለት። ከዚያ መንገድ ላይ ለእናቱ ስጦታ የገዛትን፣ ፌስታል ውስጥ ያለች ቢጫ ዓሣ አወጣ። ፌስታሉን ሊፈታና ገንዳው ውስጥ ሊገለብጣት ሲል ሸዋረገድ ሁለት እጇን የገንዳው አፍ ላይ ዘረጋች።

«ላ!» አለችው። አይሆንም! ወረቀቷን የሚፈርምላትን ሰውዬ እኮ ነው! «ይቅርታ ጌታዬ፣ አራት ሳምንት ለብቻዋ።»

«ይሄ ቤት የማነው?» አላት ፊቱ ቀልቶ።

እሷ እጇን አላነሳችም። ፋዲ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ወጣ። እሷም ዓሣዋን ትልቅ ባልዲ ውስጥ አስገባቻት። ማሞቂያና አየር መንፊያ አደረገችላት፤ የምትደበቅበት የተሰበረ የአበባ ማሰሮም ጨመረችላት። ማታ መጥታ «ኸላስ፣ አለቀ፤ ወረቀቱ ቀረ» አለችኝ። በንዴት ጦፌ፣ «አንቺ ቂል! ለአንዲት ዓሣ ብለሽ!» ብዬ ሰደብኳት።

በስድስተኛው ቀን ባልዲው ውስጥ ያለችው ዓሣ ሰውነቷ ላይ ጨው የተነሰነሰባት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣባት። ያ በሽታ ገንዳው ውስጥ ቢገባ ኖሮ ሁሉንም ያዳርስ ነበር። ፋዲ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነጠብጣቡን አየ። ከዚያ ወጥቶ መድኃኒት ገዝቶ መጣ፤ ሸዋረገድንም «ፓስፖርትሽን አምጪ» አላት። ካናዳ ከመመለሱ በፊት ፈረመላት። ገና ስንት ቢሮ ይቀራታል፤ ፊርማው ግን አለ።

ባለፈው ሳምንት መስኮት ላግዛት ሄጄ ባልዲውን አየሁት። ዓሣዋ ድና ከማሰሮው ሥር ብቅ ጥልቅ ትላለች። ባልዲው ላይ በጥቁር ማርከር፣ በእኛው ፊደል የምትወጣበት ቀን ተጽፏል። የመጀመሪያው ተሰርዞ ከሥሩ «መስከረም 9» ይላል፤ ታማ ስለነበር እንደ አዲስ ቆጥራላት ነው።

«ዓሣ ታነባለች እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት።

«አታነብም። ጠዋት ጠዋት እኔ እነግራታለሁ» አለች ሸዋረገድ፤ እሷ አልሳቀችም። «እኔን ግን መቼ እንደምወጣ የነገረኝ አልነበረም።»

ከዚያ ባልዲው ላይ ጎንበስ አለችና፣ ቀስ ብላ በአማርኛ፣ «ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ቀረሽ» አለቻት።