አባቴ ያኖራቸው ጎማዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ ጎማ ገዝቶ መጣና፣ «እማዬ፣ ፀሐይም እርጥበትም የማያገኘው ጥግ ፈልጊልኝ፤ ለክረምት ይቀመጥ» አለኝ።

«እዚህ ቤት ጎማ አይገባም!» አልኩት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ልጄ ጎማውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ቀረ። አያቱን በደንብ አያውቀውም። ቁጭ ብዬ ነገርኩት።

አባቴ አቶ ወርቁ መቱ ውስጥ በፒካፕ የሰው ቡና እየጫነ ነበር ያሳደገን። የእኛ አገር ክረምት መች ቀልድ ያውቃል? መንገዱ ሲበላሽ ጎማ ከጅማም ከበደሌም አይመጣም። አንድ ክረምት ጎማ አጥቶ ጭቃ ውስጥ ከሰነበተ ወዲህ፣ ባገኘ ቁጥር መግዛት ጀመረ። በኋላ ወገቡን አመመውና መኪናው ተሸጠ፤ ጎማዎቹ ግን ቀሩ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሳሎናችን ጥግ ደረደራቸው። በየጊዜው እያወጣ በተቃጠለ ዘይት ሲወለውላቸው አዲስ ጫማ ይመስላሉ። «ሌላ መኪና ስገዛ ያስፈልጉኛል» ይል ነበር። ጓደኞቼ ቤታችንን «ጎማ ቤት» ብለው ስለሚጠሩት፣ ማንንም ወደ ቤት መጋበዝ ትቼ ነበር።

ለሚ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ የነገረኝ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ለመቱ ቅርብ የሆነችው የሁሩሙ ከተማ ልጅ ነው፤ የምወደው ሰው። በቀጠሮው እሁድ እናቴ ጨጨብሳውን በቅቤና በበርበሬ አሸችው፤ ያም ሆኖ የጎማው ሽታ አሸነፋት። እኔ ጓዳ ሆኜ አፍሬ ላብ ያጠምቀኛል። ሽማግሌዎቹን የመሩት የለሚ አጎት ኦቦ ዲንሳ ግን ሽታውን ልብ ያሉ አልመሰሉም። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። አባቴም እንደ ወጉ፣ «ዘመድ እናማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ የፒካፓቸው የፊት ጎማ ተንፍሷል። መጠባበቂያም አልያዙም። እሁድ ስለሆነ ጎሚስታው ዘግቷል። ያኔ የአባቴ ፊት እንዴት እንደበራ! መኪናው እሱ ከሸጠው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከነብረት ቸርኬው ያስቀመጠውን ጎማ እያንከባለለ አወጣው።

እናቴ እጅጌውን ያዘችው። «ተው፣ ይሄ እኮ ስንት ዘመን ተቀመጠ?»

«ጎማ እንደ ሰው ተቀምጦ አያረጅም» አላት።

እውነትም ያብረቀርቅ ነበር። እኔም በመስኮት እያየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎማዎቹ ኮራሁ።

አመሻሹ ላይ ከበደሌ የመጣ ሚኒባስ ሾፌር ወሬውን ይዞ ደረሰ። ሁሩሙ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ፈንድቶ፣ ፒካፑ ቦይ ውስጥ ተገልብጧል። ሰው አልሞተም፤ የኦቦ ዲንሳ ክንድ ግን ተሰብሯል።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን ተከትዬ ሁሩሙ ሄድኩ። ኦቦ ዲንሳ እጃቸው ታስሮ ቤታቸው ተኝተዋል። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም አቶ ወርቁ» አሉት በፈገግታ። «አጥንት ይጠገናል። ይቀመጡ እንጂ።»

አልተቀመጠም። በዚህ መሃል የለሚ እናት በር ላይ ሆና ለጎረቤቷ በኦሮምኛ፣ «ገና ልጅቷን ሳይሰጡን ሬሳ ሊልኩልን ነበር» ስትል ሰማናት። መቼም መቱ ተወልዶ ኦሮምኛ የማይሰማ የለም። የአባቴ አንገት ሲቀላ አየሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሚኒባስ ተመለስን። መቱ መናኸሪያ ስንደርስ፣ «አሳፈርኩሽ» አለኝ። «የለም» ልለው ፈለግሁ፤ ግን አላልኩትም።

ቤት እንደገባ ጎማዎቹን ሁሉ ግቢ አወጣ። ጎረቤት «ለእኛ ስጠን» ቢለው፣ «ሰው አልገድልበትም» ብሎ ማንም እንዳይጠቀምባቸው በገጀራ ሲቆራርጣቸው ዋለ። ከላይ የሚያብረቀርቀው ውስጡ እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰነጣጠቅ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ በቀጠሯቸው ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። አባቴ «እሺ» ያላቸው ቆሞ ነው። ለሚን አገባሁ፤ ደህና ኖርን። አማቴም ውላ አድራ ተወችው። ያልተወው አባቴ ነበር።

በክፋቱ ያፈረ ሰው ንስሐ ይገባል፤ ቀን ያልፍለታል። በደግነቱ የተዋረደ ሰው ግን ምን ብሎ ይናዘዛል? እኔንም ያቺን የመናኸሪያ ዝምታዬን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ልጄ ጎማውን መኪናው ላይ መልሶ ጫነና፣ «አያቴ ከዚያ በኋላ መኪና ገዛ?» አለኝ።

«አልገዛም» አልኩት። «የሰው መኪና ሲሳፈር እንኳ፣ ሾፌሩ ‹ጋሼ፣ ጋቢና ይግቡ› ሲለው እንዳልሰማ ሆኖ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው።»