አውቆ የተኛችው መኪናችን

"ያቺ መኪናችሁ እኮ አንድም ቀን ተበላሽታ አታውቅም!"

ይህን ያሉን ዛሬ ለመስቀል ሊጠይቁን የመጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው። በደርግ ጊዜ የአባቴ መካኒክ ነበሩ። ክትፏቸውን እየበሉ ነው እንደ ቀላል ነገር ያወሩት።

እኔና እህቶቼ ተያየን። ሆሳዕና ውስጥ ያቺን ትንሽ ሚኒባስ ያልገፋንበት ዳገት የለም። ያውም በገበያ ቀን፣ በጭቃ፣ ሰው ሁሉ እያየን!

"ቀበሌ ለዘመቻ መኪና ሊወስድ ነው በተባለ ቁጥር አባታችሁ ሞተሯ እንዳይነሳ ካንዴላዋን ያስወልቀኝ ነበር" አሉ እየሳቁ። "እናንተን የሚያስገፋችሁ ካድሬዎቹ አይተው እንዲያምኑ ነው።"

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። እኛ አውቆ የተኛ መኪና ስንገፋ ነው ያደግነው። (ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል።)

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካድሬውን ያታልል፤ እሺ። እኛን ግን?

እማዬ አልሳቀችም። እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች።

"ታዲያ ለሞተር ማሠሪያ ብሎ ያሸጠኝ የወርቅ ጉትቻዬስ?"

ጋሽ ወልዴ መጉረሳቸውን ተዉ።

እናንተም ቤት እንዲህ አውቆ የሚበላሽ ነገር ከነበረ ጻፉልኝ። ብቻዋን እንዳልተታለለች እንድታውቅ ለእማዬ አነብላታለሁ።