በአረንጓዴው ሹራብ አንገት ላይ ያነበብኩት

እርጥብ የበግ ጠጉር ሙቀት ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ዝናብ የመታው በግ እሳት ዳር ቢያቆሙት የሚሸተው ዓይነት። ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው ቤታችን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ማኅሌት ያልደረቀ ኮቴን ልትተኩስልኝ የጋለ ካውያ ስታሳርፍበት ያ ሽታ ከጓዳ ተነስቶ የማነብበት ወንበር ድረስ መጣ። ተነስቼ ካውያውን ከእጇ ወሰድኩ፤ ኮቱ ተረፈ። እኔ ግን ካውያውን እንደያዝኩ ወደ አንድ የመስከረም ቀን ተመልሼ ነበር።

ያደግኩት ከዚህ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የጋይንት መንደር ነው። አባቴ ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነበር። እናቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና ለሚባለው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ለሸማኔ ትሰጥ ነበር፤ ባናው ከሸማኔ ሲመለስ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በሞቀ ውሃ ነክረው፣ ተያይዘው በእግራቸው ሲረግጡት ይውሉ ነበር፣ የላላው ድር በሙቀቱና በእርግጫው እየተሳበ ይጠብቅና ንፋስ የማያሳልፍ ይሆናል። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። በቤታችን የማንበብ ሥልጣን የእህቴ የይታይሽ ነበር። በክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ሰው ሁሉ ቤት ሲውል፣ ዘመድ የላከው ደብዳቤም ሆነ ከቀበሌ የመጣ ወረቀት ከመንደሩ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ እሷ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ስታነብ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ጸጥ ይላሉ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ፊደልም በደንብ እለይ ነበር፤ ማንም ግን «አንተስ እስቲ አንብብ» ብሎኝ አያውቅም። ይህ ያንገበግበኝ እንደነበር ዛሬ አልደብቅም።

በዚያው ክረምት መጨረሻ ይታይሽ ስምንተኛ ክፍልን አለፈች፣ ዘጠነኛን ለመማር ደግሞ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ መቀመጥ ነበረባት። አባቴ ፈቀደ፤ በአንድ ነገር ግን ጸና። የከተማው ብርድ ሰው እንደሚጥል ያውቅ ነበርና፣ ደህና የሚሞቅ ልብስ ሳይኖራት አትሄድም አለ። እናቴ ገበያ ወርዳ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ለይታ መጣች፣ ወፍራም፣ ግን እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ እስከ ጭን የሚደርስ። እንዲያ ያለ ልብስ በመንደራችን ታይቶ አያውቅም።

አባቴና ይታይሽ ለምዝገባ ወደ ከተማ እንደወረዱ እናቴ ሹራቡን አጥባ ልትጠብቃት ፈለገች። ሰልባጅ ልብስ ማን ለብሶት እንደኖረ አይታወቅም፤ የሞተ ሰው ልብስ ነው፣ በሽታ አለበት ይባል ስለነበር፣ በእኛ ዘንድ ሳይቀቀል ገላ አይነካም ነበር። እሷ ግን ድስቱን ጥዳ ሹራቡን ደጋግማ በጣቶቿ መካከል እያሸች ታመነታ ነበር። «የበግ ጠጉር ይመስለኛል» አለችኝ፤ «የበግ ጠጉር ከሆነ የፈላ ውሃ አይወድም። ግን እንዲህ የሚለሰልስ የምን በግ ነው?» ከዚያ አንገቱ ውስጥ የተሰፋችውን ነጭ ቁራጭ አየች፣ ገልብጣም ወደ እኔ አቀረበችው። «እስቲ አንተ ጌታው፣ ምን ይላል?»

ያን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ጨርቋ ላይ ያለው ፊደል የፈረንጅ ነበር፤ ከሥሩ ግን ሥዕሎች ተደርድረዋል። ውሃው የሚወዛወዝ ድስት የመሰለ ነገርና በውስጡ አንድ እጅ፤ ቀጥሎ ሦስት ማዕዘን፣ በላዩም የተጣለ የኤክስ ምልክት። አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ የይታይሽን ድምፅ አስመስዬ፣ ድስቱ ድስት ነው፣ ውሃው ፈልቶ እየተወዛወዘ ነው፣ ሦስት ማዕዘኑ ሦስቱ ጉልቻ ነው፣ የተጠላለፈው ደግሞ ማገዶው ነው፣ ተጥዶ ይፈላል ነው የሚለው አልኳት። እጁስ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀችኝ። ከፈላ በኋላ በእጅ ይታሻል አልኩ። ኤክስ ማለት ስህተት ማለት መሆኑን በገዛ ደብተሬ ላይ በየቀኑ በቀይ እያየሁት አውቅ ነበር፤ ንባቤን ስለሚያበላሽብኝ ግን ማገዶ አደረግኩት።

እናቴ ለአፍታ ድስቱን፣ ለአፍታ እኔን አየች። «እንግዲህ ተጽፎ ካለ» አለችና ሹራቡን ከተተችው።

ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። በእንጨት ስታወጣው ሹራቡ ገና ትልቅ መስሎ ነበር፤ ውሃው እየጠፈፈ ሲሄድ ግን እጅጌዎቹ አጠሩ፣ ደረቱ ጠጠረ። እናቴ ወዲያው ገባት፤ ስንት ዓመት ባና የረገጠች ሴት ናትና። በሁለት እጇ ይዛ እየጎተተች ልትመልሰው ሞከረች። በማግስቱ ይታይሽ መጥታ ስትሞክረው እጅጌው ከክርኗ አላልፍ አለ፤ ያንን ጥብቅ ነገር አውልቃ አጣጥፋ መደብ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ጓሮ ወጣች።

አባቴ ሹራቡን አንስቶ አገላበጠውና እናቴን «አንቺ ባና ስትረግጪ የኖርሽ ሴት፣ ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?» አላት። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞር አላለችም። «ተሳሳትኩ» አለች፤ «የእኔ ጥፋት ነው።» አባቴ ይታይሽ ለከርሞ ትቆይ ሊል አፉን ሲከፍት፣ እናቴ የለበሰችውን ጋቢ አውልቃ ለይታይሽ ስንቅ ባዘጋጀችው አቁማዳ ላይ አኖረችው። ነገሩ በዚያ ተቋጨ። እኔም ያነበብኩት እኔ ነኝ አላልኩም።

ጥቅምት ገባ፣ ብርዱም መጣ። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር፤ እናቴ በነጠላ ብቻ ውሃ ትቀዳ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ገብስ ሲወቃ፣ ንፋሱን ጠብቀው በመንሽ እያነሱ ሲያዘሩ፣ ለምርቱ የሚበጀው ንፋስ እሷን ሲያንዘፈዝፋት ከአውድማው ዳር አይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «በአንተ የተነሳ» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። አረንጓዴው ሹራብ ጠቦ ለሕፃኑ ታናሽ ወንድሜ ልክ ሆኖ ነበርና፣ እሱ በሞቀ ልብስ ሲድህ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

በጥር ይታይሽ ለጥምቀት ስትመጣ ሳል ይዟት ነበር። ጋቢ ለብሶ መቀመጥ ይቻላል፤ ከንጋት በፊት ተነስቶ በንፋስ ውስጥ ትምህርት ቤት መመላለስ ግን ሌላ ነው። እስከ ሁዳዴ ተኛች፣ ፈተናም አመለጣት፣ አባቴም ከእንግዲህ ይብቃት አለ። እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት ስትቆም ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ይታይሽ በሚቀጥለው መስከረም ተመለሰች፣ ዘጠነኛንም እንደገና ጀመረች። ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ነገሩ በደህና ማለቁ ግን የእኔን ጥፋት አያሳንሰውም።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቆምኩ፣ የቀረውን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ለብቻዬ ተማርኩ። ካደግኩ በኋላ ለጉዳይ ደብረ ታቦር ሄጄ፣ በአንድ ላውንደሪ ግድግዳ ላይ እነዚያን ሥዕሎች በአማርኛ ማብራሪያ ተጽፎባቸው አገኘኋቸው። እጅ ያለበት ገንዳ፣ በለብታ ውሃ በእጅ ብቻ ይታጠብ። የተሰረዘ ሦስት ማዕዘን፣ በረኪና አይነካውም። ጉልቻ የለም፣ ማገዶ የለም። ሰው እየገፋኝ እያለፈ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አገሬ እንደገባሁም በቀጥታ ወደ እናቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

ጥጥ እየፈለቀቀች ነበር፤ እጇን አላቆመችም። «ፊትህን አይቼ ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። «እኔም ጥፋት አለብኝ፤ እጄ እየነገረኝ ወረቀት አመንኩ። ግን ልጄ፣ አላውቅም ብትለኝ ማን ይገርፍህ ነበር?»

ማንም። በዚያ ቤት አላውቅም በማለቱ የተመታ ልጅ አልነበረም። ለይታይሽ ንገራት አለችኝ፣ ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች፣ ከዚያም «አንድ ዓመት አስደግመኸኛል» አለችኝ። እስከ ዛሬ በየመስከረሙ ደውላ ዘንድሮስ ምን ልትቀቅል ነው እያለች ትተርበኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ካውያውን ካስቀመጥኩ በኋላ የኮቱን ውስጥ ገልብጬ እዚያ የተሰፋችውን ባለ ሥዕል ጨርቅ ለማኅሌት አሳየኋት፤ ከተሰረዘው ገንዳ ቀጥሎ ያለችውን ክብ በጣቴ ነክቼ ምን እንደምትል ጠየቅኳት። ልጅቷ ጨርቋን ሳይሆን ፊቴን አየች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ «በፀሐይ ይሰጣ ማለት ነው፣ አባዬ» አለች። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ለልጆቼ ትምህርት ብዬ፣ አላውቅም የሚል መልስ በቤቴ አይሰማም የሚል ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አላውቅም ያለውን ያንበረከክኩትም እኔው። እናቴ «ማን ይገርፍህ ነበር?» ብላ የጠየቀችኝ ጥያቄ በእኔ ቤት መልስ ነበረው።

ክቧ በላውንደሪው ግድግዳ ላይ ነበረች ይሆናል፤ እኔ ግን አላስታወስኳትም። «ይቺን እኔም አላውቃትም» አልኳት። ልጄ ስልኳን አውጥታ ምልክቷን ፈለገች፣ ውሃ ሳይነካው በላውንደሪ የሚጸዳ ማለት መሆኑን አነበበችልኝ። ኮቱን ሰቅለን ልንለያይ ስንል፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «በካውያዋ ሥዕል ውስጥ ያሉትን ነጥቦችም አላውቃቸውም ነበር» አለች።

ያኔ በአባቴ ቤት ሰው ሳይፈራ መጠየቅ ይቻል ነበር፣ የሚመልስ ግን አልነበረም። ዛሬ በእኔ ቤት መልሱ በእያንዳንዱ ልጅ ስልክ ውስጥ አለ፤ የጠፋው ሳይፈሩ መጠየቁ ነበር። ነጥቦቹን አብረን ለማየት ኮቱን እንደገና ከመስቀያው አወረድነው።