ለተገብርኤል ያስለቀሰችው ሰፈር

ለተገብርኤል አዲስ አበባ የገባችው በ1983 ክረምት፣ በጭነት መኪና ላይ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቃ ነው። የተወለደችውም ያደገችውም አስመራ ነው። አባቷ የሽሬ ሰው ነበር። ሰውየው ከሞተ ዓመታት ቢያልፉም አስመራን የያዙት ድል አድራጊዎች ግን አልረሱትም፤ «የአባትሽ አገር ያውልሽ» ብለው አሳፈሯት። እናቷ አደይ አብረኸት የሐማሴን ሴት ስለሆኑ እዚያው ቀሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዚያ አገር ሕዝብ ካርድ ጣለ፤ ባንዲራም ተሰቀለ። ለተገብርኤል ከአገሯ ሳትወጣ አገሯ ከእሷ ወጣባት ማለት ነው። በአንድ አገር ውስጥ የተፈናቀለች መስሏት ስትኖር፣ አንድ ቀን ጠዋት በራዲዮ ውጭ አገር እንደምትኖር ተነገራት።

አዲስ አበባ ደግሞ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ!» ብላ ተቀበለቻት። ሽሬን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ፣ በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ አልጋና ወንበር ሲገቡባት ሰው የማታስገባ ክፍል አገኘች። ካዛንቺስ ካለ መሥሪያ ቤትም በታይፒስትነት ተቀጠረች። የክፍል ኃላፊዋ አቶ በድሉ በወጣትነቱ በራሪ ወረቀት ሲበትን ኖሮ፣ ወረቀቱ ሲያልቅ ቃላቱ አፉ ውስጥ የቀሩበት ሰው ነው። አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ቢያያት ምን እንደሆነች ጠየቃት። አስመራ ናፈቀኝ አለችው።

«ናፍቆት» አለ፣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ፣ «የንዑስ ከበርቴው ወላዋይነት መገለጫ ነው። ደግሞስ አገርሽ ላይ ተቀምጠሽ የምን አገር ነው የሚናፍቅሽ?»

አንደኛውን አልሰማችውም። ሁለተኛው ግን ገብቶባት ቀረ።

አስመራ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሰው ሁሉ ይለብስና ዋናው መንገድ ላይ ይወጣል። የትም አይሄድም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል፤ ሰላም ይባባላል፤ ይተማማል፤ ይገባል። ለተ ይህን ልማድ ቂርቆስ ላይ ልትተክለው ሞከረች። ከሥራ ስትወጣ ከንፈሯን ቀለም ትቀባና ከካዛንቺስ እስከ ባምቢስ ትወርዳለች፤ ተመልሳም ትወጣለች። አዲስ አበቤ እንደሆነ አይንሸራሸርም። ይሸሻል እንጂ! ከዝናብ ይሸሻል፣ ከአበዳሪ ይሸሻል፣ ታክሲ ሊያመልጠው ሲል ደግሞ ይበርራል።

«እናት፣ ታክሲ ጠፋብሽ እንዴ?» ይሏታል ወያላዎቹ።

«አይ፣ እየተንሸራሸርኩ ነው።»

«ከማን ጋር?»

አንድ ምሽት አጠገቧ አንድ መኪና ቀስ ብሎ ቆመና መስኮቱ ዝቅ አለ። ካዛንቺስ ውስጥ ሲመሽ ያለ ጉዳይ የምትመላለስ፣ ከንፈሯን የቀባች ሴት ምን ፈልጋ እንደወጣች ለሰውየው ጥያቄ አልሆነበትም። «ግቢ፣ አንጣላም» አላት። ከዚያ ወዲህ ለተ ምሽት ላይ አልተንሸራሸረችም።

ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። የአደይ አብረኸት ድምፅ በስልክ ይመጣ ነበር። በ1990 ግንቦት ግን ጦርነት ተነሳና ስልኩ ተቆረጠ። ትናንት በአንድ ጉድጓድ ተኝተው አንድ ብስኩት ለሁለት ይቆርሱ የነበሩ ታጋዮች፣ ካርታ ዘርግተው ስለ አንድ ደረቅ ሜዳ ይተላለቁ ጀመር። ራዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይፎክራል። በሰፈሩም «ያኛው ወገን» የሚባል ሰው መቆጠር ተጀመረ። ከጎን ካለው ግቢ አንድ ጋራዥ ያለው ሰውዬ ከነፒጃማው ተወስዶ ወደ ድንበር በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ተጫነ። ባቄላ ሲለቅሙ የሚያወሩት ሁሉ ማን እናቱ እዚያ ናት፣ ማን አባቱ እዚያ ነው ሆነ። ታዲያ ለተ በዚህ ሰዓት ምን ትሁን? የጠላት አገር ናፈቃት! የሚሸሽጉት ነገር ደግሞ ሲሸሽጉት ያብጣል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ጋ ልብስ እያጠበች እንባዋ አመለጣት። ቁም ብትለው አልቆም አላት። እትዬ ገበያነሽ ባልዲያቸውን አስቀምጠው መጡ። እሳቸው የግቢው ጎረቤት፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢ፣ የሰው ቤት ሐዘን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚሸታቸው ሴት ናቸው።

«ምነው ለተዬ? ማን ሞተ?»

አስመራ ናፈቀኝ ትበል? ራዲዮኑ በመስኮቱ እያቅራራ? እናቴ እዚያ ናት፣ ስልኳ ተቆረጠብኝ ትበል? አውቶቡሱ ዓይኗ ላይ መጣባት።

«እናቴ» አለች። «እናቴ ሞተች፣ እትዬ።»

ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ይዛ ልትመልሰው ፈልጋ ነበር። ግን እድር የሚባለውን ተቋም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንግሥት አንድ ማመልከቻ እስኪያይ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ንፍሮ ያፈላል። እትዬ ገበያነሽ እዚያው ቧንቧው ሥር «ወዬው!» ብለው ጮኹ። የት ሲሏት «ሽሬ» አለች። ጥሩምባው ተነፋ። ምሳ ሳይደርስ ድንኳኑ ቆመ። ፎቶ አምጪ አሏት፤ አደይ አብረኸት ነጭ ነጠላ ለብሰው የተነሱትን አመጣች። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተለቀሰበት።

ሦስት ቀን ለተ እንደ ልቧ አለቀሰች። አፏ እናቴ ይላል፤ ሆዷ ግን ለዚያ መንገድ፣ ለዘንባባዎቹ፣ ጠዋት ከተማውን ለሚሸፍነው ጉም፣ ለብስክሌት ደወል ያለቅሳል። ሰው ይደግፋታል፤ ውኃ ያጠጣታል፤ «አይዞሽ፣ አውጪው» ይላታል። ለአገር ናፍቆት ያልተፈቀደው እንባ ለሞት ተፈቅዷልና። በአራተኛው ቀን ስትነሳ፣ እውነት ለመናገር፣ ቀለል ብሏት ነበር። ያሳፈራትም ይኸው መቅለሉ ነው።

ከዚያ ጣጣው መጣ። አርባ ደረሰ። የቂርቆሱ ቄስ ለፍትሐት የሟቿን የክርስትና ስም ጠየቁ። የእናቷን እውነተኛ ስም፣ ወለተ ኪዳን፣ ብትል ጸሎቱ መረብን ተሻግሮ በቁማቸው የሚጥላቸው መሰላት። «ወለተ ሥላሴ» አለች። ከዚያ ደግሞ ያቺ በሰላም የምትኖር ወለተ ሥላሴ ማን እንደሆነች እያሰበች ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ከል ለብሳ ቢሮ ትገባለች፤ ሮም ያለችው የአክስቷ ልጅ አርያም በቢሮው ስልክ ትደውላለች። «እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያማት። ሰላም በያት ብላኛለች።» ለተ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና «ተመስገን» ትላለች፤ ታዲያ ዘወር ስትል አቶ በድሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል።

የእትዬ ገበያነሽ ልጅ ኪዱ ለተ ድንኳን ውስጥ በተቀመጠችበት ሳምንት ነበር የዘመተው። ጦርነቱ ሲያልቅ አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም። እድሩ ድንኳን እንትከል ሲል እትዬ ገበያነሽ «ያላየሁትን አልቀብርም» ብለው ከስብሰባው ወጡ። ሰብሳቢዋ ለሰው ሁሉ ድንኳን አስተክለው ለገዛ ልጃቸው እምቢ አሉ። አንዳንዴ የለተ በር ላይ ይቀመጡና፣

«አንቺስ አልቅሰሽ ወጣልሽ» ይሏታል። «እድለኛ ነሽ።»

ይህችን ቃል ለተ ዓመት ከዓመት ዋጠቻት። እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ ፋሲካ ይለፍ ትላለች፤ ጾም ይግባ ትላለች። ለጠፋ ልጃቸው ላላለቀሱ ሴት፣ ለቆመች እናቴ አስለቅሼዎታለሁ ተብሎ በምን አፍ ይነገራል? ሙት ዓመቱም ሲወጣ እንጀራውን ያስጋገሩት እሳቸው ናቸው። የሠፈሩ ሰው ደምበል ሕንፃ ሄዶ በሚንቀሳቀስ ደረጃ መውጣት በተማረበት ዘመን፣ ለተ ገና ያቺን አንዲት ቃል ከጉሮሮዋ ማውጣት አልተማረችም።

በ2010 ሐምሌ የሁለቱ አገሮች መሪዎች ተቃቀፉ። ለሃያ ዓመት የማይቻል የተባለው ነገር በአንድ ከሰዓት ተቻለ፤ ሲፈልጉ ይችሉ ኖሯል። ስልኩ ተከፈተ። ለተ ያንን የድሮ ቁጥር ደወለች፤ አደይ አብረኸት አነሱ።

«አውሮፕላን ጀምሯል አሉ» አሉ አደይ አብረኸት። «ሳልሞት ልይሽ።»

ለተ ደምበል አካባቢ ማረፊያ ልትከራይላቸው አሰበች። «ቤት እያለሽ?» አሉ እናትየው፤ አለቀ። መስከረም ላይ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ከሁለት ሻንጣና ከአንድ በርበሬ ኮሮጆ ጋር ያቺ ክፍል ውስጥ ገቡ። ሻይ ሳይቀርብ እትዬ ገበያነሽ በሩ ላይ ቆሙ።

«እንግዳ አለ አሉኝ?»

«አክስቴ ናት» አለች ለተ።

አልተዘጋጀችበትም፤ አፏ ቀደማት። አደይ አብረኸት ደግሞ በደርግ ጊዜ አስመራ ሆስፒታል ወጥ ቤት ለሐኪምና ለቁስለኛ ሲያበስሉ የኖሩ፣ አማርኛ እንደ ውኃ የሚጠጡ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አዩዋት።

«ወይ ጉድ!» እትዬ ገበያነሽ የእንግዳዋን ጉንጭ ሳሙ። «ቁርጥ ሟቿን! ፎቷቸውን አይቼው የለ? እማማ፣ እህትዎን እኮ በወጉ ነው ያለቀስንላቸው።»

«እህቴን?»

«አዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

አደይ አብረኸት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እግዚሄር ይስጥልኝ። ሰው መጥቶ ነበር?»

«ሰው! ድንኳኑ አልበቃ ብሎ እስከ ቧንቧው ድረስ ነበር የተቀመጠው።»

«ማን አለቀሰላት?»

«ምን ማን አለ? እኔ ራሴ ደረቴ እስኪላጥ!»

«ንፍሮውስ?»

«ስንዴና ሽምብራ፤ ጨው በዛ ብለው ያሙት ነበር እንጂ ጥሩ ነበር።»

«ፎቶው ነጭ ነጠላ የለበሰችበት ነው?»

«እሱ ነው፣ እማማ።»

«ጥሩ ፎቶ ነው» አሉ አደይ አብረኸት። «አውቀዋለሁ።»

ለተ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች። ሻዩ ከተቀዳ ቆይቷል። እናቷ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ደስ ባላት። ስለ ገዛ ልቅሷቸው እንደ ጎረቤት ሠርግ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ እትዬ ገበያነሽም አንድ በአንድ መለሱ። መልሰው ሲጨርሱ ሊሄዱ ተነሱ።

«በሉ እማማ፣ የእህትዎን ነፍስ በገነት ያኑርልዎ።»

«አሜን» አሉ አደይ አብረኸት።

ይህችን አሜን ለተ አልቻለቻትም። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ፣ አክስቴ አይደለችም። እናቴ ናት። አልሞተችም ነበር። ያኔም ዋሽቼ ነው።»

እትዬ ገበያነሽ መጀመሪያ አማተቡ። ከዚያ አሮጊቷን ከእግር እስከ ራስ አዩ፤ ፍትሐት የተፈታላት ሴት የሻይዋን ስኳር ታማስላለች።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አሉ፣ ወደ ለተ ሳያዩ። «እኔ ያኔ ለእርስዎ አላለቀስኩም። ልጄ በዚያ ሳምንት ነው የሄደው። ለዘማች ማልቀስ ሟርት ነው አሉኝ፤ በእርስዎ አሳብቤ አለቀስኩ።» ከዚያ ወደ ለተ ዞሩ። «እንዲህ ስልሽ ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እኔ ልጄ ሳይመጣ፣ ድንኳንም ሳይተከልለት ሃያ ዓመት ስቀመጥ፣ አንቺ በርሽ ላይ ሆነሽ ታዪኝ ነበር። ሂጂና ለሰው ሁሉ ንገሪ። በየቤቱ። እኔ አልነግርልሽም።»

ሄዱ። ሻያቸውን አልነኩትም።

አደይ አብረኸት በትግርኛ፣ ዝግ ብለው «ለምን ገደልሽኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ?» አሏት።

«ናፍቀሽኝ ነው። አንቺም፣ ከተማውም። ሌላ የማለቅስበት አጣሁ።»

«ስታለቅሺ ተሻለሽ?»

«ተሻለኝ።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ስትናፍቂኝ የምገባበት ድንኳን አልነበረኝም» አሉ፤ የሻይ ብርጭቋቸውንም አነሱ።

በዚህ አገር ሞት የሚነገርበት ወግ አለው። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ነጠላ አጣፍተው በር ያንኳኳሉ፤ ባለቤቱ አይቶ ይገባዋል። የሞተ ሰው አልሞተም ተብሎ የሚነገርበት ወግ ግን ማንም አላወጣም፤ ማን ያስፈልጋል ብሎ ያውጣ? ለተም የምታውቀውን ይዛ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የመጀመሪያው በር የድንኳን ኃላፊው የአቶ ሊካሳ ነው፤ ያኔ ካስማውን የመቱት እሳቸው ናቸው። አንኳኳች። ሚስትየው በሩን ገርበብ አድርገው፣ በዚያ ሰዓት ነጠላ ለብሳ የቆመችውን ለተን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ወይኔ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለች ለተ። «ልግባና ልንገርዎት።»