ከ1.9 በኋላ

ደሴ ሰኞ ገበያ ላሉ ነጋዴዎች የሱቅ ሂሳብ መያዣ ፕሮግራም እሠራለሁ። በቀደም አዲሱን ቨርዥን ልጭንላቸው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። የቨርዥኑን ቁጥር ሲያዩ እጄን ያዙኝ።

«ያለኝ 1.9 ነው፤ ይሄ 1.10 ይላል። አንድ ብር ከዘጠናዬን በአንድ ብር ከአስር ልትለውጠኝ? ወላሂ አልቀበልም!»

«እንደ ብር አይደለም ሐጂ፤ እንደ ልጅ ዕድሜ ይዩት» አልኩ። «አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ይሆነዋል፤ ቀጥሎ አንድ ዓመት ከ...»

 ልጄ የሞተው በአንድ ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ነው። ሐጂ ይህን አያውቁም። ፊቴን አይተው «ልጅ ሞቶብህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ በክረምት።»

«አብሽር ልጄ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና «አሁን ዕድሜው ስንት ሆነ?» አሉ።

ያልሰሙኝ መሰለኝ። «ሞቷል እኮ ሐጂ።»

«ሰምቻለሁ። የእኔዋም ልጅ ገና በጨቅላነቷ ነው የሄደችው» አሉ። «ለረመዳን ሠላሳ አንድ ይሞላታል።»