ከሚሲዮን መርከብ ላይ የወረደው ደወላችን

እኔ የተማርኩት እስከ ዳዊት አፋፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ እርሻ ጠራኝና ቀረሁ። አጻጻፌ ጎርበጥ ካለ ጥፋቱ የፊደሉ ነው እንጂ የነገሩ አይደለም። ነገሩ እውነት ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ የሃምሳዎቹ ማለቂያ ግድም። አገራችን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ነው። የእኛ ሚካኤል ደወል ያኔ የድንጋይ ነበር። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ዋርካው ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ በሌላ ድንጋይ ይመታል። አባቶቻችን በዚያ ድምፅ ቆርበው በዚያው ድምፅ ተቀብረዋል፤ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። በኋላ አንደኛው ድንጋይ ተሰነጠቀና ቀፍ ቀፍ ይል ጀመር። ይባስ ብሎ በዚያው ዓመት ከወንዙ ማዶ ያሉት የጊዮርጊስ ሰዎች የናስ ደወል አስመጡ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ስንገናኝ፣

«እናንተ፣ ሚካኤል ደጅ በየማለዳው ጌሾ የሚወቅጥላችሁ ማነው?» ይሉናል።

ይኼ ነገር አቃጠለኝ። ጎረምሳ ነበርኩ። እኔ ገና ሚስት አላገባሁም፤ አፌ ግን አግብቶ ወልዶ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ሰንበቴ ላይ ጠላ ስንጠጣ ያ የናስ ደወል ከማዶ ተደወለ። ብድግ አልኩ።

«ስሙ! ደወል እኔ አመጣለሁ። ሳልይዝ ብመለስ ከዚህ ጽዋ አልቀምስ፣ ከመካከላችሁ አልቀመጥ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጽዋቸውን አስቀመጡ። «ሰማችሁ? ልጁ አፉን አሥሯል። ሁላችሁም ምስክር ናችሁ» አሉ። እኔ እንዲያው ጨዋታ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከተወለዱ ጀምረው ተጫውተው አያውቁም። ከሰንበቴ የወጣ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ሲያገባ የሚያጅበው፣ ሲሞት የሚቀብረው የለውም።

ደወል የሚመጣው ከባሕር ማዶ ስለሆነ የሚገኘው ባሕር ዳርቻ ነው ተባለ። የደብሩ ሰው አዋጣ። ኑግ ጭኖ ወደ ምጽዋ የሚሄድ የቡሬ ነጋዴ በመኪናው ሊወስደን እሺ አለ። ለመሸከሙ እኔ፣ ለጆሮው ደግሞ የደብራችን የዜማ መምህር መሪጌታ ተመረጡ። ነገሩ ልክ ነው፤ እኔ ደወልን ከድስት ክዳን አልለይም።

በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በአሥመራ አድርገን ኑጉ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ከአሥመራ በታች ያለውን ቁልቁለት ስንይዝ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎተ ፍትሐት ጀመሩ።

«ማን ሞቶ ነው መሪጌታ?»

«ዝም በል። እየቀደምኩ ነው።»

ምጽዋ ማለት ክዳኑ ያልተነሣለት ድስት ነው። በዚያ ሙቀት ሱቅ ለሱቅ ዞርን። መሪጌታ ያገኙትን ቃጭል ሁሉ በጣታቸው ጠቅ እያደረጉ ጆሯቸውን ይደግናሉ። «ይኼ የፍየል ነው። ይኼ የቢስክሌት ነው። ይኼ ደግሞ አሞታል።» በመጨረሻ አንዱ ባለሱቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከኢጣልያ ታዞ እንጂ እንዲሁ እንደማይገኝ፣ ቢታዘዝም ከርሞ እንደሚመጣ ነገረን። ነጋዴው ግን በማግስቱ ተመላሽ ነው።

ወደቡ አጠገብ ጥላ ይዘን ተቀመጥን። እኔ ከእንግዲህ የት አገር ገብቼ እንደምኖር አስብ ነበር። ድንገት ከመርከቦቹ በኩል ድምፅ መጣ። ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ አየሩ ላይ ተንሳፍፎ የሚቆይ። መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ።

«ይኼ መረዋ ነው» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሄደን አየን። አንዲት ነጭ መርከብ ቆማ ሰው ተሰልፎ ይገባባታል። አማርኛ የሚያውቅ የወደብ ሠራተኛ አገኘንና ጠየቅነው። «የሚሲዮን መርከብ ናት። በየወደቡ እየዞሩ ይሰብካሉ። ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ናት፤ ሻይና ብስኩትም አላቸው» አለን።

መሪጌታ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «የጸረ ማርያም መርከብ!»

«መሪጌታ፣ የመጣነው ደወል ልንገዛ ነው እንጂ ሃይማኖት ልንገዛ ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ብስኩታቸውን እንዳትነካ። ረቡዕ ነው፤ ሰዓቱም አልደረሰም።»

የወደቡ ሠራተኛ ሊያስተረጉምልን አብሮን ተሰለፈ። መሰላሉ ጫፍ ላይ ፈረንጆቹ፣ ወንድም ሴትም፣ ተደርድረው እንግዳ ይቀበላሉ። እነሱ እጅ ጨብጦ ማሳለፍ ነው የለመዱት። መሪጌታ ግን የመጀመሪያውን ሰው እጁን ይዘው፣ «እንደምን ዋሉ? ደኅና ነዎት ወይ? ልጆች ደኅና ናቸው? ከብቱስ? አዝመራውስ?» አሉት። አስተርጓሚው እያላበው ተረጎመ። ፈረንጁ ከብት እንደሌለው ተናገረ። መሪጌታ አዘኑለትና ወደ ሁለተኛዋ አለፉ፤ እሷንም ከመጀመሪያው ጀመሯት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ወደቡን አልፎ መንገድ ገባ። «ኧረ አባቴ፣ ሰላምታው ለነገም ይተርፍ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። መሪጌታ ዞረው፣ «አንተስ እንደምን ዋልክ?» አሉት።

በሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ መሪጌታ ቆሙ። «የእኛ ባይሆንም የእግዚአብሔር ስም ይጠራበታል። ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። እኔ በረባሶዬን፣ እሳቸው ጫማቸውን አወለቅን። ከኋላችን የነበረውም ሕዝብ፣ ሥርዓቱ እንዲያ መስሎት ነው መሰል፣ ያወልቅ ገባ። የጫማው ክምር በሩን ዘጋው።

መርከቢቱ ከብረት መሠራቷን የሚያውቅ ሁሉ ቀጥሎ የሆነውን ያውቃል። ፀሐይ ስትቀቅለው የዋለ የምጽዋ ብረት ላይ በባዶ እግራችን ወጣን። መጀመሪያ መሪጌታ አንድ ጊዜ ዘለሉ። ከዚያ በሁለት እግራቸው ዘለሉ። መቋሚያቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ነጠላቸው እየተርገበገበ፣ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። እኔም ከኋላ እቀበላቸዋለሁ። ፈረንጆቹ ወረባችንን ልናሳያቸው የመጣን መስሏቸው ክብ ሠርተው አጨበጨቡ። አንዷማ ፎቶ አነሣችን።

«ደስ ብሏቸዋል፤ ትንሽ ድገሙልን ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«እግሬን በላችው በልልኝ!» አሉ መሪጌታ እየዘለሉ።

ጥላ ያለበትን ስንፈልግ ዘለን ዘለን የመርከቢቱ ፊት ጋ ደረስን። ደወሉ እዚያ ተሰቅሏል። ናስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንስራ የሚያህል። መሪጌታ የእግራቸውን ሕመም ረሱ። ዳበሱት፣ ዞሩት፣ ገመዱን ያዙ።

ደወል የሚፈተሸው በመደወል ነው። አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ አይሆንም፤ የማኅሌት አለው፣ የቅዳሴ አለው፣ የመርዶ አለው፤ ፈጠን ያለውን ካልሰሙት አይታወቅም። መሪጌታ ፈጠን ያለውን ለቀቁት። ዳን ዳን ዳን ዳን ዳን! እኔ እዚያው ሆኜ የማዶዎቹን ፊት እያሰብኩ ሳቅሁ።

ለካስ መርከብ ላይ ደወል እንዲያ ከተጣደፈ እሳት ተነሣ ማለት ነው። ከየጉድጓዱ ሰው ፈላ። አንዱ ባልዲ ይዟል፣ አንዱ ተንሳፋፊ ልብስ ይዟል፣ አራቱ የውኃ ቱቦ ይጎትታሉ። የሻይ ተጋባዡ ብስኩቱን እየጣለ ወደ መሰላሉ ሲሮጥ ጫማው ክምር ላይ ወደቀ። ባለ ቱቦዎቹ እሳቱን ቢያጡት ውኃውን እንዲሁ ለቀቁት፤ የብረቱን ወለል አጥለቀለቀው።

መሪጌታ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ «ተመስገን» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ደግ ናቸው። እግራችንን አስበው ነው።»

ካፒቴኑ መጣ። ፊቱ እንደ ቡሬ በርበሬ ቀልቷል። አስተርጓሚው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሲያስረዳው ቆይቶ ቆይቶ ካፒቴኑን ሳቅ አመለጠው። እኔ በሳቁ መሀል፣ «ደወሉን ይሽጥልን በለው» አልኩ።

ካፒቴኑ ሳቁን ተወ። ይኼ ደወል የመርከቧ ድምፅ ነው፣ በጉም ውስጥ ሌላው መርከብ መጥቶ እንዳይወጋት የምትጮኸው በእሱ ነው፣ አይሸጥም አለ።

«እውነቱን ነው» አሉ መሪጌታ። «ያለ ደወል ደብርም መርከብም የለም። በል ተነሥ እንውረድ።»

ተነሥ ያሉኝ ተቀምጬ ስለነበር ነው። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብያለሁ። «ደወል ሳልይዝ አልወርድም» አልኩ።

«መርከቢቱ ነገ ትሄዳለች እኮ» አለ አስተርጓሚው።

«ትሂድ።»

«ሕንድ አገር ነው የምትሄደው!»

«እዚያ ሰንበቴ ካላቸው እኖራለሁ።»

መሪጌታ ለመኑኝ፣ ገዘቱኝ፣ በመቋሚያው ጎሸም አደረጉኝ። ፈረንጆቹም አንድ አንድ እያሉ መጥተው ያዩኛል። እውነቴን ነበር። ሰንበቴው ውስጥ ከማልቀመጥ ሕንድ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር። አስተርጓሚው ስእለቴን ሲነግራቸው ካፒቴኑ ጢሙን አሻሸ፤ ከዚያ ወደ ታች ጮኾ አንድ ሰው ጠራ። ዘይት የተቀባ መካኒክ ወጣና ተነጋገሩ። መካኒኩ ተመልሶ ወርዶ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ የብየዳ ጋዝ ያለቀበት ቁመተ ረጅም የብረት ጠርሙስ ተሸክሞ መጣ። ቂጡን በመጋዝ ቆርጠው ጣሉለት፤ በገመድ አንጠለጠሉት። መካኒኩ በመዶሻ መታው።

መሪጌታ ጆሯቸውን አቀረቡ። ድምፁ ሄዶ ሄዶ አላልቅ አለ። ቀና ብለው፣ «ዕዝል ነው!» አሉ። ለቅዳሴ ዜማ የሚመች ማለታቸው ነው።

ገንዘብ አንቀበልም አሉ። ካፒቴኑ ብቻ፣ ከመሄዳችን በፊት ይጸለይበት አለ። እዚህ ላይ መሪጌታ ድርቅ አሉ። «የእኛን ደወል እነሱ? አይሆንም።» ካፒቴኑም ሰጪው እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ባንድ ጊዜ ይጸልይ ተባለ። ካፒቴኑ አጭር ጸሎት ጸልዮ አሜን ሊል ሲል መሪጌታ የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ገና መጀመራቸው ነው። ሰውዬው ቀድሞ መጨረሱን ነውር አደረገውና ሌላ ጨመረ። መሪጌታም ጨመሩ። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ፈረንጆቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። በኋላ ካፒቴኑ እጅ ሰጥቶ፣ በእኛ ሥርዓት አማትቦ ሄደ። መሪጌታ ይኼን እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩት ኖሩ።

አገራችን ገብተን ጠርሙሱን ለአራት ተሸክመን ደጀ ሰላም አደረስነው። ሙሴ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ደወል ነው።»

«ደወል ምላስ አለው። ይኼ ጠርሙስ ነው።»

«የድንጋዩ ምላስ የት ነበረ?»

«ድንጋዩን ደወል ያሉት አባቶቻችን ናቸው። ይኼን ደወል ያልከው አንተ ነህ።»

መሪጌታ ሊመሰክሩልኝ ብድግ አሉ። ሙሴ እጃቸውን አወዛወዙ፤ «አንቱማ አብረውት ሄደው አብረውት በልተው!»

«ብስኩት አልቀመስኩም!» ብለው መሪጌታ ጮኹ።

ጠርሙሱ ዋርካው ላይ ይሰቀል፣ ይደወልም፤ ደወል መሆኑ እስኪታወቅ ግን ልጁ ጽዋ አይቅመስ ተባለ። እኔም እሑድ እሑድ ሰው ሲጠጣ ከሰንበቴው ቤት ውጭ ግንድ ላይ ቁጭ ብዬ እመለከታለሁ። ጓደኞቼ፣ «ጠርሙስህን ልከህ ለምን አታስቀዳም?» እያሉ ያልፋሉ። ሊድሩልኝ ያሰቡት ልጅ አባት እንኳ ዓይኑን ከእኔ ያሸሽ ጀምሮ ነበር።

አንድ እሑድ ከማዶ የጊዮርጊስ ሽማግሎች ተቆጥተው መጡ። እኔ እዚያው ግንዴ ላይ ነኝ። ሙሴ ወጥተው ተቀበሏቸው።

«እኛ የመጣነው ልንከስ ነው» አሉ። «ምእመናችን በጨለማ እየተሳሳተ፣ የእኛ መስሎት፣ ወንዝ ተሻግሮ እናንተ ዘንድ ያስቀድሳል። ደወላችሁን ቀስ አድርጉልን።»

«ምናችንን?» አሉ ሙሴ።

«ደወላችሁን!»

ሙሴ ገብተው ጽዋውን እስከ አፉ አስሞልተው ራሳቸው ይዘው ወጡና፣ በማዶዎቹ ፊት፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ተነሥቼ ተቀብዬ አንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ጠላው ኮምጥጧል። እሱንም ነገርኳቸው።